ያው ቱቦ፣ ተቃራኒ ግፊት

አንድ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አዲስ አበባ ላይ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ይዘጋና ወደ ሰመራ በሚወርድ መኪና ይጫን። ቁልቁለቱ እየገፋ ሲሄድ ጎኑ መሰርጎድ ይጀምራል፤ ሰመራ ሲደርስ ተጨረማምቶ ይገኛል። ማንም አልረገጠውም። አሁን ተቃራኒውን እናድርግ፦ ሰመራ ላይ የተዘጋ ተመሳሳይ ጠርሙስ ወደ አዲስ አበባ ይምጣ። እዚህ ሲደርስ ቆዳው ተወጥሮ፣ በጣት ሲጫኑት እምቢ የሚል ሆኖ እናገኘዋለን። በሁለቱም ጉዞ ጠርሙሱን ያገኘው የግፊት ልዩነት በመጠኑ አንድ ነው፤ የከባቢ አየር ግፊት አንድ አምስተኛ ያህል፣ ማለትም ሁለት ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ የሚያሳድረውን ያህል። ፕላስቲኩም ውፍረቱም ያው ነው። የተለየው የግፊቱ አቅጣጫ ብቻ ሲሆን፣ አንዱ አቅጣጫ ጠርሙሱን አጠነከረው፣ ሌላው አኮማተረው። ዛሬ የምከራከርለት ሐሳብ ከዚህ ይነሳል፦ የካርቦን ፋይበር ቱቦ በሰማይ ያተረፈውን ስም ይዞ ወደ ጥልቅ ባሕር መውረድ አይችልም። በሰማይ ዋናውን ሸክም የሚይዝለት ክሩ ነው። በባሕር ውስጥ ዕጣው ክሩን ባያያዘው ሙጫና በቱቦው ክብነት እጅ ይወድቃል።

አቅጣጫ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣው ለምንድን ነው? በፋብሪካ የተሠራ ማንኛውም ቱቦ ፍጹም ክብ አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይ በዓይን የማይታይ ጠፍጣፋነት ይኖረዋል። ግፊቱ ከውስጥ ሲሆን ያንን ጠፍጣፋ ቦታ ወደ ውጭ ገፍቶ ወደ ክብነት ይመልሰዋል፤ ግፊቱ ራሱ ስሕተቱን ያርማል። ከውጭ ሲሆን ጠፍጣፋውን ያጎደጉደዋል፤ የጎደጎደው ቦታ ደግሞ ለተጨማሪ ግፊት ይበልጥ የተመቸ ይሆናል። በአነስተኛ ግፊት የግድግዳው ግትርነት አሸንፎ ቱቦው ቅርጹን ይጠብቃል። ከአንድ ልክ ሲያልፍ ግትርነቱ መመለስ ያቅተውና ቱቦው በቅጽበት ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል። በዚያች ቅጽበት ቁሱ ገና አልተሰበረም፤ ቀድሞ የከዳው ቅርጹ ነው። ስለዚህ የአንድን ቁስ ጥንካሬ በቁጥር ማወቅ ብቻውን ቱቦው ከውጭ ሲጨመቅ ምን እንደሚሆን አይነግረንም።

በአዲስ አበባዎቹ ቡልጋሪያና ካዛንቺስ ሰፈሮች በሚነሱት ሕንፃዎች ሥር ይኸው ሕግ በየቀኑ ይሠራል። የአርማታው ወለል እስኪጠነክር ድረስ ከሥር የሚደግፈው ባሕር ዛፍ ሸክሙ ሲበዛበት የሚወድቀው ተጨፍልቆ ሳይሆን ጎብጦ ነው። የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሰላው፣ ቀጭን ምሰሶ ሳይጎብጥ የሚሸከመው ክብደት በርዝመቱ ካሬ ልክ ይቀንሳል፤ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን አቅሙ ወደ ሩብ ይወርዳል። አናጢው መሃል ለመሃል በአግድም እንጨት ሲያስረው አቅሙን ወደ አራት እጥፍ ያሳድገዋል፤ የእንጨቱ ጥንካሬ ግን ቅንጣት አልጨመረም።

ለቱቦ ተመሳሳዩን ነገር በሙከራ ያሳየው በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ዊልያም ፌርቤርን ነው። በዘመኑ የነበሩት የእንፋሎት ማሞቂያዎች እሳት በመሃላቸው የሚያልፍበት ቱቦ ነበራቸው። ቱቦው ዙሪያውን በሚፈላ ውኃና በእንፋሎት ይጨመቃል፤ በድንገት ተሰርጉዶም በአጠገቡ ያለውን ሠራተኛ ይገድል ነበር። ፌርቤርን በ1858 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ስፋታቸውና ውፍረታቸው እኩል ከሆኑ ቱቦዎች ረጅሙ ከአጭሩ ባነሰ ግፊት እንደሚሰረጎድ አሳየ። ነገሩ ለመሐንዲሶቹ እንግዳ ነበር፤ ከውስጥ ለሚገፋ ግፊት ርዝመት ቁም ነገር አይደለምና። መፍትሔው ቱቦውን በየተወሰነ ርቀት በጠንካራ ቀለበት ማሰር ሆነ፤ አናጢው በባሕር ዛፉ ላይ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ኋላ የመጣው ንድፈ ሐሳብ ደግሞ ለረጅምና ቀጭን ቱቦ ቁርጥ ያለ ልክ አስቀመጠ፦ የሚሰረጎድበት ግፊት የሚወሰነው ውፍረቱ ለዲያሜትሩ ባለው ንጽጽር ኩብ ነው። የግድግዳው ውፍረት በግማሽ ቢቀንስ ከውስጥ የሚችለው ግፊት ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ከውጭ የሚችለው ግን ወደ አንድ ስምንተኛ። ይህን ኩብ ያዙልኝ፤ ኋላ ብዙ ሥራ ይሠራልናል።

የካርቦን ፋይበር ቱቦ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ድሪምላይነር በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ሲረከብ በአፍሪካ ቀዳሚው ነበር። የዚህ አውሮፕላን አካል በክብደት ግማሽ ያህሉ በሙጫ የተያያዘ ክር፣ በተለምዶ ኮምፖዚት የምንለው ነው። የአካሉ በርሜሎች የሚሠሩት ሙጫ የነከረውን የካርቦን ጥብጣብ በሚሽከረከር ቅርጽ ላይ ጠምጥሞ፣ ከዚያም ግፊት ባለው ግዙፍ ምድጃ አብስሎ ነው። በበረራ ላይ የተሳፋሪው ክፍል አየር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሆኖ ይጠበቃል። ይህ ከቦሌ ዝቅ ያለ ከፍታ ነው፤ ከአዲስ አበባ የተነሳ መንገደኛ ደመና ላይ ሆኖ የሚተነፍሰው አየር ከተነሳበት ከተማ አየር የወፈረ ነው ማለት ነው። አውሮፕላኑ ከፍተኛው የበረራ ከፍታው ላይ ሲሆን የውስጡ ግፊት ከውጪው በከባቢ አየር ግፊት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይበልጣል። ግፊቱ ወደ ውጭ ስለሚገፋ ዙሪያውን የተጠመጠሙት ክሮች ይወጠራሉ፤ ክር ደግሞ በጠባዩ ለመወጠር የተመቸ ነው።

አንድ የካርቦን ክር ከሰው ፀጉር አሥር ጊዜ ያህል የቀጠነ ነው። ሲጎትቱት ለክብደቱ ከብረት የላቀ ይሸከማል፤ ብቻውን ጫፍ ለጫፍ ቢገፉት ግን እንደማንኛውም ቀጭን ምሰሶ ወዲያው ይጎብጣል። በኮምፖዚት ውስጥ ሲጨመቅ የማይጎብጠው ሙጫው ግራና ቀኙን ይዞ ስለሚያቆመው ነው። ሙጫው አንድ ቦታ ላይ ባዶ አረፋ ካለው፣ ወይም ክሩ ሲጠመጠም ትንሽ ከተጨማደደ፣ እዚያ ቦታ ላይ ክሮቹ በቡድን ይጎብጣሉ። ኮምፖዚት ሲጨመቅ የሚችለው ሸክም ሲወጠር ከሚችለው በእጅጉ የሚያንሰው በዚህ ምክንያት ነው። በአጭሩ፣ ሲወጠር የክሩን አቅም እናያለን፤ ሲጨመቅ የሙጫውን።

ሙጫው የራሱ ጠባይ ያለው ሌላ አካል መሆኑን የኛው አየር መንገድ ታሪክ ይመሰክራል። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. «ንግሥተ ሳባ» የተባለችውና ኢቲ-ኤኦፒ ተብላ የተመዘገበችው ድሪምላይነር ለንደን ሂትሮው ሰው ሳይኖርባት ቆማ ሳለ በኋለኛው አካሏ ጣሪያ እሳት ተነሳ። መነሻው የአደጋ ጊዜ አመልካች መሣሪያው የሊቲየም ባትሪ ነበር። የብሪታንያ መርማሪዎች እንደደረሱበት፣ ባትሪው ከነደደ በኋላ እሳቱን ቀስ እያለ በጣሪያው ውስጥ ያቆየው ማገዶ የኮምፖዚቱ ሙጫ ነው። አውሮፕላኗ ከወራት ጥገና በኋላ ወደ በረራ ተመልሳለች፤ ጉዳዩን የማነሳው የቁሱን ስም ለማጥፋት አይደለም። ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ተጠርተው እንደሚኖሩ፣ ችግር ሲመጣም ቀድሞ የሚሸነፈው የትኛው እንደሆነ ለማሳየት ነው።

እንግዲህ ወደ ጥልቁ እንውረድ። ባሕር ውስጥ በየአሥር ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል። ታይታኒክ ያረፈችበት 3,800 ሜትር ላይ እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 390 ኪሎ ገደማ ይሸከማል፤ አራት ኩንታል ለጥቂት የማይሞላ እህል በጥፍር ስፋት ላይ እንደማቆም ነው። ወደዚያ ይመላለስ የነበረው «ታይታን» የተባለው ሰርጓጅ አካሉ የካርቦን ፋይበር ቱቦ ነበር፤ ውፍረቱ 127 ሚሊ ሜትር፣ የውስጥ ስፋቱ 1.42 ሜትር። ሁለቱ ጫፎቹ በቲታኒየም ክዳን ተዘግተው በማጣበቂያ ተያይዘዋል። ግድግዳው በአንድ ጊዜ አልተሠራም። እያንዳንዳቸው 25 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ አምስት ድርቦች በየተራ ተጠምጥመው፣ በየተራ በስለው፣ አንዱ በሌላው ላይ በማጣበቂያ ተደረቡ። ሰኔ 11 ቀን 2015 ዓ.ም. አምስት ሰዎችን ይዞ ሲወርድ፣ ጉዞ ከጀመረ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ድምፁ ጠፋ። የሰርጓጁ ባለቤት የሆነው ኩባንያ መሪና አብራሪው ስቶክተን ራሽን ጨምሮ ሁሉም ሞቱ፤ ስብርባሪው ከታይታኒክ አፍንጫ 500 ሜትር ያህል ርቆ ተገኘ።

የድርቦቹን ጉዳይ በሒሳብ እንየው፤ የዚህ ንግግር ልብ እዚህ ነውና። የግድግዳ የመጉበጥ ግትርነት ከውፍረቱ ኩብ ጋር ይሄዳል ብለናል። አምስቱ ድርቦች አንድ ሆነው ከተጣበቁ ግትርነታቸው አምስት ጊዜ አምስት ጊዜ አምስት፣ 125 ይሆናል። ማጣበቂያው ሁሉ ቢለቅና እያንዳንዱ ድርብ ብቻውን ቢቀር፣ የእያንዳንዱ ግትርነት 1፣ የአምስቱ ድምር 5 ነው። ከ125 ወደ 5፣ ማለትም ወደ አንድ ሃያ አምስተኛ። ክብደቱ አልቀነሰም፣ ውፍረቱ በሜትር ሲለካ ያው ነው፣ አንድም ክር አልተበጠሰም። «ሁሉም ይለቃል ማለት ማጋነን ነው» ለሚል አንዱ ድርብ ብቻ ከአራቱ ተላቀቀ እንበል፤ አራቱ በአንድነት 64፣ አንዱ 1፣ ድምሩ 65። በአንዲት መገናኛ መላቀቅ ብቻ ግማሽ ያህሉ ግትርነት ሄደ። ያው ግድግዳ ከውስጥ ቢገፋ ኖሮ መላቀቁ እምብዛም ባልተሰማው ነበር፤ አምስት የተላቀቁ ቀለበቶች ተወጥረው ሸክሙን ተካፍለው ይይዙታልና።

ይህ የወረቀት ሒሳብ ብቻ አልሆነም። ከአደጋው አንድ ዓመት ገደማ አስቀድሞ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ታይታን ከ80ኛ ጉዞው ሲመለስ ኃይለኛ የፍንዳታ ድምፅ ተሰማ። በአካሉ ላይ የተለጠፉት መለኪያዎችም ከዚያ በኋላ ባሉት ጉዞዎች የተለየ ምላሽ መስጠት ጀመሩ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ቱቦው ከመጀመሪያውም ጉድለቶች እንደነበሩበት፣ ድርቦቹ እንደተላቀቁና ከ82ኛው ጉዞ በኋላ ተጨማሪ ጉዳት እንደደረሰበት ዘርዝሮ፣ መጨረሻውን ያመጣው በአንድ ቦታ የጀመረ መሰርጎድ ነው ብሏል። ከባሕሩ ወለል የተነሱት የግድግዳው ቁርጥራጮችም በድርቦቹ መገናኛ ላይ ተላቅቀው ነበር የተገኙት።

እዚህ ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ ከሒሳብ አዋቂዎች ነው። «127 ሚሊ ሜትር ወፍራም ግድግዳ ነው፤ እንዲህ ያለ አጭርና ወፍራም ቱቦ እንደ ጠርሙስ አይሰረጎድም፤ የኦይለርና የፌርቤርን ነገር ለቀጫጭኖቹ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ጤነኛው ቱቦ ቢሰላ የሚሰረጎድበት ግፊት 3,800 ሜትር ላይ ካለው የላቀ ነው። ሆኖም ተቃውሞው የሚቆመው ወፍራሙ ግድግዳ ወፍራም ሆኖ እስከቆየ ድረስ ነው። መላቀቅ ወፍራሙን ቱቦ በላዩ ላይ ምንም ሳይታይ ወደ ቀጫጭን ቱቦዎች ክምችት ይለውጠዋል። በብረት ወይም በቲታኒየም ግድግዳ ይህ አይደርስም፤ ውፍረታቸውን አሳልፈው የሚሰጡበት መገናኛ የላቸውም። ለኔ በኮምፖዚትና በብረት መካከል ያለው እውነተኛው ልዩነት ይህ ነው፤ የጥንካሬ ሠንጠረዥ ላይ አይገኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ተሳክቶ ያውቃል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል እስከ 6,000 ሜትር እንዲወርድ የነደፈው ሰው አልባ የፍለጋ ሰርጓጅ የካርቦን ፋይበር ቱቦ ነበረው፣ ሠርቷልም። ታይታን ራሱ ታይታኒክ ድረስ ደጋግሞ ወርዶ ተመልሷል። የባሕር ኃይሉ ምሳሌ የሚያሳየው ቁሱ ፈጽሞ የተከለከለ አለመሆኑን ነው፤ እኔም አልከለከልኩም። የታይታን ምልልስ ግን ከሚመስለው ያነሰ ማስረጃ ነው። መሰርጎድ የወሰን ጉዳይ ስለሆነ ከወሰኑ በጥቂት የራቀና በብዙ የራቀ ቱቦ ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው። ሁለቱም ደህና ይመለሳሉ። እያንዳንዱ ጉዞ ደግሞ መገናኛውን በጥቂቱ የሚያላላ ከሆነ፣ አሥረኛው ስኬት ከመጀመሪያው ይልቅ ለወሰኑ የቀረበ ነው። «ድምፅ የሚያዳምጡ መሣሪያዎች አስቀድመው ያስጠነቅቃሉ» የተባለውም በከፊል ተፈጽሟል፤ ማስጠንቀቂያው በሐምሌ 2014 መጥቶ ነበር። የተሳሳተው ተስፋ መሣሪያው በጉዞ መሃል ደወል ያሰማል፣ ለመመለስም ጊዜ ይኖራል የሚለው ነው። መሰርጎድ አንዴ ከጀመረ ሰው ለመስማት እንኳ ፋታ አያገኝም።

አውሮፕላኑን ወደ ፍርድ የሚጠሩም አሉ፦ የድሪምላይነር ሆድስ በክብደቱ ሲጎብጥ አይጨመቅም ወይ? ይጨመቃል። ለዚህም ነው በቀጭኑ ቆዳ ውስጠኛ ገጽ ላይ በርዝመቱ የተጣበቁ ማገሮች፣ በዙሪያው ደግሞ ቀለበቶች የተደረጉለት፤ የፌርቤርን መፍትሔ በአዲስ ቁስ ማለት ነው። የታይታን ቱቦ በርዝመቱ መሃል እንዲህ ያለ ቀለበት አልነበረውም፤ ሁሉንም ነገር በውፍረቱ ላይ ጥሎ ነበር።

ተፈጥሮስ? ቀርከሃ እኮ የክር ቱቦ ነው፤ ጭረቶቹ ወደ ውጭኛው ቆዳ ይበልጥ ተጠጋግተው የተደረደሩ፣ በየአንጓው ውስጡ በግድግዳ የተዘጋ። አንጓው የሚሠራው የቀለበቱን ሥራ ነው፤ ግንዱ ሲጎብጥ ጠፍጥፎ እንዳይታጠፍ ክብነቱን ይጠብቃል። ሆኖም ቀርከሃም ሲሸነፍ የሚሸነፈው በሙጫው በኩል ነው፤ ከልክ በላይ ሲጫኑት በርዝመቱ ይሰነጠቃል። የእንጅባራ ባለሙያዎች ቀርከሃን በቢላ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቀው ዕቃ የሚሠሩት ይህን ድካሙን ተጠቅመው ነው። ጭረቶቹን ለመበጠስ የማይሞከር ጉልበት ይጠይቃል፣ አንዱን ከሌላው ለማላቀቅ ግን ስለታም ቢላና የለመደ እጅ ይበቃል።

የቀረው «ባሕር ለሌለን ለእኛ ይህ ምናችን ነው?» የሚለው ነው። ከውጭ ለመጨመቅ ባሕር አያስፈልግም፤ ውስጡ መጉደሉ ይበቃል። የነዳጅ ቦቴ ወይም የውኃ ታንከር መተንፈሻው ተዘግቶ በኃይል ቢቀዳ፣ የሚጨምቀው የምንተነፍሰው አየር ነው። መሬት ውስጥ የሚቀበሩ የፋይበርግላስ ቱቦዎች ባዶ ሲሆኑ የአፈሩንና የከርሰ ምድር ውኃውን ጫና የሚችሉት በግትርነታቸው ነው። ሻጩ በቱቦው ላይ የሚጽፈው የግፊት ደረጃ ከውስጥ ለሚገፋው የተሰጠ ነው፤ ገዢው የግትርነት ደረጃውን ለብቻው ካልጠየቀ የጠርሙሱን አንድ ጉዞ ብቻ ነው የገዛው። የውኃ ኃይል ማመንጫዎቻችን ቁልቁል ቱቦዎችም ከላይ በኩል አየር ማስገቢያ ያላቸው ለዚሁ ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ በኦይጋዋ ኃይል ማመንጫ ቫልቭ በድንገት ተዘግቶ የተነሳው የግፊት ማዕበል የብረት ቱቦውን ታችኛ ክፍል ከውስጥ ወደ ውጭ አፈነዳው። በፍንዳታው ውኃው በኃይል ሲፈስ ወደ ላይ ያለው የቱቦው ክፍል ባዶ ቀረ፤ አየር ቶሎ ስላልገባበትም የተራራው ነፋሻ አየር ራሱ ጨምቆ አጠፈጠፈው። በአንድ ቱቦ፣ በአንድ አደጋ፣ ታችኛውን ለማፈንዳት እጅግ ከፍተኛ ግፊት አስፈልጓል፤ ላይኛውን ለማጠፍጠፍ ግን ከአንድ የከባቢ አየር ግፊት በታች በቂ ነበር።